«የድሮው ይከፈትበታል?»

ሙናዊር ከሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የአሮጌ ኪቦርድ ቁልፎችን በኦሞ ያጥባል። አንድ በአንድ ነቅሎ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘፍዝፏቸዋል። አሁን በጥርስ ብሩሽ ጎን ጎናቸውን እየፈተገ፣ ያለቀለትን ጋዜጣ ላይ ያሰጣል። አንደኛዋ ላይ የነበረው ጽሑፍ በጣት ብዛት ተልጦ ጠፍቷል።

«ይቺ እኮ አትነበብም» አልኩት።

«አትነበብም እትዬ። ግን ትሠራለች።»

እንደ ሌሎቹ አጥቦ አሰጣት።

አሮጌ የማይጥል ሰው የሌለበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ የለም። እናንተም ቤት አለ። ክዳን የሌለው ፔርሙዝ፣ የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ አንድ እግሩ የጎደለ መነጽር አልጋ ሥር አስቀምጦ «አንድ ቀን ይፈለጋል» የሚል አባት ወይም ባል። የእኛ የሱቅ መደዳ ሰው ግን ከሁሉም ይብሳል። የሌሎቹ አሮጌ ቢያንስ ይታያል፣ ሲበዛ በሌሉበት ቀን ተጠርጎ ይወጣል። ሙናዊር የሚያስቀምጠው አሮጌ አይዳሰስም። ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነው።

«ክቡር የአሮጌ በሮች ጠባቂ» የሚል ማዕረግ የሰጠችው ሚስቱ ኢክላስ ናት። እኛም ተቀበልነው። ክቡርነታቸው አዲስ ነገር ባዩ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የድሮው ይከፈትበታል?» ሞባይል ሊገዛ ሲሄድ ሻጩን የጠየቀው የድሮው ቻርጀር ይሰካበት እንደሆነ ነው። ኢክላስ እንደምትለው ከሆነ ደግሞ ለጋብቻ ሽማግሌ ልኮ እሺ በተባለ ማግስት፣ የሚከራዩትን ቤት ለማየት ሲሄዱ፣ በሩን በስንዝር ለክቶ «የድሮው ቁም ሳጥኔ ይገባል» ብሎ ነው ፊቱ የበራው። «እኔ መግባቴን የጠየቀ የለም» ትላለች።

አይፈረድበትም። አባቱ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ። የዘይት በርሜል ሰንጥቀው ክዳን ይሠራሉ። ክዳኑ ለአዲስ ድስት አይደለም። ሠሪው ለሞተ፣ ፋብሪካው ለተዘጋ፣ ወድቆ አፉ ለተጣመመ ድስት ነው። የድስቱን አፍ በሲባጎ ይለኩና ሲባጎውን ቋጥረው ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ይሰቅሉታል። ሙናዊር ያደገው ግድግዳው ሁሉ የሰው ድስት ልክ በሆነበት ቤት ነው። ድስት ይዞ መጥቶ ክዳን ሳያገኝ የተመለሰ ሰው አላየም። ኮምፒውተር ቢማርም ያንን ሲባጎ ከራሱ ላይ ማን ያውርድለት?

በዚያን ጊዜ ሱቆቻችን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ በቆርቆሮ መደዳ ውስጥ ነበሩ። እኔ ክርና ዚፕ እሸጣለሁ። ከቀኜ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ባህረዲን ናቸው፣ ከግራዬ በችፑድ ግድግዳ ብቻ ተለይተን የሙናዊርና የኢክላስ ጠባብ ቢሮ ነው። ሲስቁም ሲጣሉም እሰማለሁ። ጆሮዬን ወደዚያ አላደርግም፣ ግን ችፑድ ምን ይከለክላል።

ለመደዳው ሁሉ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሠራልን ሙናዊር ነው። ስክሪኑ ጥቁር፣ ጽሑፉ አረንጓዴ ነው፣ ማውስ የሚባል ነገር የለውም። ዕቃ ሲሸጥ ኤፍ ሰባት የሚባለውን ቁልፍ መንካት ነው። ማሽኑ «ጢጥ ጢጥ» ይላል፣ አለቀ። ስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፣ ግን ለመድኩት። ጣቴ ዓይኔን ሳያስቸግር ራሱ ይሄዳል።

ችግሩ የመጣው አዲስ ነገር ስንጠይቅ ነው። እኔ የክር ቀለም ለብቻው እንዲመዘገብልኝ ጠየቅሁ። ሠራልኝ። የድሮው፣ ቀለም የሌለው መዝገብ ግን እዚያው ቀረ። ሌላው ነጋዴ በጣቃና በሜትር ጠየቀ፣ ተሠራለት፣ በክንድ የሚለካውም ቀረ። አንድ ክፍል ለመግባት ብዙ በር ሆነ፣ ሁሉም በር ክፍት። «ይኼንን አጥፋው እንጂ ልጄ» ስለው፣ ፊቱን ያዞርና «እትዬ፣ አንድ ሰው እየተጠቀመበት ቢሆንስ?» ይላል።

ያ «አንድ ሰው» ማን እንደሆነ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ማሽኑም እየከበደው ሄደ። አንድ ቀን ከጎጃም በረንዳ የመጣ የቆየ ደንበኛዬ ልብስ ሰፊ ጥቁር ዚፕ ፈለገ። ኤፍ ሰባትን ነካሁ። ማሽኑ ያስባል። ሰውየው ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። «እማማ፣ ይኼ ማሽን ዚፑን ራሱ ሊሠራው ነው እንዴ?» ብሎ ሄደ። ሲሄድ ጀርባውን አየሁት፣ ከዚያ ማሽኑ «ጢጥ ጢጥ» አለ።

 

የኢክላስ ቃል ደግሞ አንድ ነው፦ «ከመሠረቱ!» ኮሌጅ ተምራለች። ጣቷ ከምላሷ ይፈጥናል፣ ምላሷም ቀርፋፋ አይደለም። ማታ ማታ ሱቅ ስንዘጋጋ በግድግዳው በኩል እንዲህ ይሰማል፦

«ይኼ እኮ ፕሮግራም አይደለም፣ የእድር ዕቃ ቤት ነው!»

«የእድር ዕቃ ቤት ምን አደረገሽ? ሐዘን ሲመጣ ሁሉም ይፈለጋል።»

«ፍሬምወርኩ ተቀይሯል ሙናዊር! የሠሩት ሰዎች እራሳቸው ጥለውታል!»

«እነሱ ይጣሉት። እነሱ እትዬ ሸዋገነትን አያውቋቸውም።»

ስሜ ሲነሳ መቀስ ወደቀብኝ።

በማግስቱ ኢክላስን ፍሬምወርክ ምን እንደሆነ በቀስታ ጠየቅኋት። «ተሠርቶ የሚመጣ የሱቅ ምሰሶና ቆርቆሮ በይው እትዬ። እኛ መደርደሪያውን ነው የምንሠራው። ምሰሶውን የሚሠሩት ደግሞ ውጭ አገር ናቸው፣ በየጊዜው የተሻለ ያወጣሉ። አዲሱ ይጠነክራል፣ ይፈጥናል። ግን አንዳንዱን የድሮ በር ይዘጋሉ። በድሮው በር የሠራሽው መደርደሪያ አዲሱ ውስጥ አይገባም።»

«ታዲያ መደርደሪያውን የሞላው ሰው ምን ይሁን?»

«እሱን ነው ባልሽ የሚለኝ» አለችና ሳቀች። ባሌ ማለቷ ሙናዊርን ነው፣ አሮጌ ስለሚወድ ከእሷ ይልቅ ለእኔ ይስማማል ማለቷ ነው። 

ቀልዱ ያበቃው መደዳችን በአክሲዮን ተደራጅቶ ፎቅ መሥራት የጀመረ ጊዜ ነው። ሕንፃው ሊያልቅ ሲል ኮሚቴው ወሰነ፦ ለሁሉም ሱቅ አዲስ ኮምፒውተር ይገዛል፣ ሁሉም ሱቅ በአንድ ፕሮግራም ይሠራል። የሙናዊር ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ተሞከረ። አልተከፈተም። ጭራሽ አልተከፈተም። ሌላ ድርጅት ደግሞ ከረባት ያሰረ ልጅ ልኮ፣ በቀለም ያሸበረቀ ፕሮግራም አሳየን። ኮሚቴው የሁለቱም ፕሮግራም የሚታይበት ቀን ቆረጠ። ሙናዊርና ኢክላስ ከእኛ መደዳ ውጭ ይኼ ነው የሚባል ደንበኛ አልነበራቸውም። ከተሸነፉ ቢሮው ይዘጋል፣ ኢክላስ ለከረባቱ ልጅ ድርጅት ትቀጠራለች፣ ሙናዊርም ወደ አባቱ ቆርቆሮ ይመለሳል። ይኼንን እሷው ናት በግድግዳው በኩል የዘረዘረችለት። 

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ከመሠረቱ።»

እንዲህ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኢክላስ ጻፈች። መብራት በፈረቃ ነበር፣ ሲመጣ ትጽፋለች፣ ሲሄድ በወረቀት ትሥላለች። የወጣው ነገር ያምር ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ይፈጥናል፣ ነጭ ነው፣ የክር ቀለሞቼ ሁሉ በየተራቸው ተሰልፈው ይታያሉ። የድሮ ስህተቶችንም ለቃቅማ አወጣች። ከስህተቶቹ አንዱ ያ «ጢጥ ጢጥ» ነበር። ሙናዊር ገና ሲጀምር ለራሱ መሞከሪያ ብሎ አስገብቶት ረስቶት ነው የቀረው። አጠፋችው።

አዲሱ መጀመሪያ ለሙከራ የገባው ሐጂ ባህረዲን ሱቅ ነው። ሐጂ ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ፣ ጀርባቸውን ወደ ሱቁ አድርገው ይቀመጣሉ። ከውስጥ ልጃቸው ሪሃና ትሸጣለች። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሰው ለጁምዓ እየተሰበሰበ መንገዱ መሙላት ጀምሯል። አንድ የወልቂጤ ነጋዴ ጨርቅ ገዝቶ፣ ተሸካሚው ቦንዳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።

ሐጂ ብድግ አሉ። «አቁም! ወዴት ነው?»

«ወደ መኪና ነዋ» አለ ተሸካሚው።

«ሳይሸጥ? ሳይሸጥ!» ሐጂ የቦንዳውን ጫፍ ያዙ። ተሸካሚው ሲጎትት እሳቸው ሲጎትቱ መስጊድ የሚሄደው ሰው ቆመ። የወልቂጤው ነጋዴ ከኋላ ደርሶ «ሐጂ! እኔን ነው ሌባ የሚሉኝ? እኔን?» ይላል። ሪሃና በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች።

«አባባ ተሸጧል! በአላህ ይልቀቁት፣ ተሸጧል!»

«አልጮኸም!»

«ምኑ ነው ያልጮኸው?»

«ማሽኑ! ማሽኑ አልጮኸም እኮ ልጄ!»

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የገባን። የሐጂ ዓይን ሞራ ከጀመረው ቆይቷል። ለማንም አልተናገሩም፣ ለሪሃናም። ለሰላምታ እጃቸውን የሚዘረጉት ድምፅ ሰምተው ነው። መደዳው ውስጥ የቆዩ ነጋዴ፣ ሱቄን አላየውም ብለው እንዴት ይናገሩ? ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡና «ጢጥ ጢጥ» ሲል አንድ ሽያጭ፣ ሲደገም ሌላ ሽያጭ እያሉ ቀኑን ሙሉ በጆሯቸው ሱቃቸውን ይጠብቁ ነበር።

የወልቂጤው ነጋዴ ይቅርታ ተብሎ፣ ለስላሳ ተከፍቶለት ሄደ። ሐጂ ግን ከዚያ በኋላ ደጃፍ አልተቀመጡም። ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አስገቡና ጨርቁ መሀል ተቀመጡ። ከመንገዱ ሰላም የሚላቸው ሰው ጠፋ።

ማታ በግድግዳው በኩል የኢክላስ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት።

«ስህተት እኮ ነው ያጠፋሁት። አንተው ነህ የረሳኸው።»

«የእኔ ስህተት ነው» አለ። «ሰውየው ግን ዓይን አድርገውታል።»

«በል እንግዲህ። የድሮውን መልሰህ ጫነው። ደስ ይበልህ።»

እኔም ጠብቄ ነበር፣ ክቡርነታቸው ሲኩራሩ ልሰማ። እሱ ግን «አይመለስም» አለ። «የድሮው ሞቷል፣ አንቺ ልክ ነሽ። ምን ምኑን ይዘን እንደምንወጣ ግን እስካሁን አናውቅም። እኔ ሁሉንም አቀፍኩ፣ አንቺ ሁሉንም ጣልሽ። ሁለታችንም ሄደን አላየንም።»

በማግስቱ ጠዋት ሙናዊር ሱቄ ገብቶ የክር ካርቶን ላይ ተቀመጠ። «እትዬ ሥራዎን ይሥሩ። እኔ የለሁም።»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እጅዎን ልመለከት ነው።»

አፈርኩ። ለብዙ ጊዜ እጄን የሚያይ ሰው አልነበረም። ሸጥኩ። ኤፍ ሰባትን ነካሁ፣ ሸጥኩ። ሲወጣ «ቀለም የሌለውን መዝገብ አንድ ጊዜ እንኳ አልነኩትም» አለ። ድምፁ እንደ መርዶ ነጋሪ ነበር።

እንዲህ እያደረገ በየሱቁ ዞረ። «አንድ ሰው» ሲለው የኖረውን ያንን ሰው ፍለጋ ነበር። የክንዱን መለኪያ የሚጠቀም አልነበረም። በጥንቃቄ ሲጠብቃቸው ከኖሩት በሮች አብዛኞቹ ሸረሪት ያደራባቸው ናቸው። ሁሉም ሰው ሳያስበው የሚነካው ግን አለ፦ ኤፍ ሰባት። ማንም ደግሞ የዕቃ ስሞቹን እንደ አዲስ መጻፍ አይፈልግም። እኔ ብቻ ከሁለት መቶ የማያንስ የክር ቀለም ነበረኝ፣ «የሙሽራ ክሬም» እና «የለቅሶ ቡኒ» የሚሉትን ጨምሮ።

ከዚያ ማታ ማታ እንዲህ ይሰማ ጀመር፦

«የክንዱ ይጥፋ?»

«... ይጥፋ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አትጠይቂኝ ኢክላስ፣ አጥፊው!»

የአባቱን ኮት ለሰው የሚሰጥ ይመስል ነበር። ግን ሰጠ። አንድም ቀን ወደ ኋላ አላለም። እሷም በበኩሏ የድሮውን መዝገብ ሁሉ አዲሱ ውስጥ የሚያስገባ በር ከፈተች፣ ኤፍ ሰባትንም መለሰች። ለ«ጢጥ ጢጥ» ግን ትግል ሆነ። «ስህተትን እንደ ስህተትነቱ አልመልስም» አለች። ስትመረምረው የድሮው ድምፅ ቁልፉ በተነካ ቁጥር እንደሚጮህ አገኘች። ሽያጩ ቢመዘገብም ባይመዘገብም ይጮኻል። አዲሱን እንዲህ አድርጋ ሠራችው፦ ሽያጩ በእውነት ሲመዘገብ ብቻ እንዲጮህ።

ሐጂ ጋ ሄዳ ራሷ ነገረቻቸው። «ሐጂ፣ የድሮው አንዳንዴ ይዋሽዎት ነበር።»

ሐጂ «ጠርጥሬዋለሁ» አሉ። «አዲሱስ?»

«አዲሱ አይዋሽም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

የኮሚቴው ቀን ደረሰ። አዲሱ ፎቅ ቀለሙ ገና ይሸታል። የከረባቱ ልጅ መጀመሪያ አሳየ። ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። «ያለፈውን እርሱት፣ ሁሉንም ከዜሮ እንጀምራለን» ሲል አንዳንዱ አጨበጨበ። እኔ ሁለት መቶ የክር ቀለሜን አሰብኩና አላጨበጨብኩም። ከዚያ ኢክላስ ተነሣች። የመደዳውን የድሮ መዝገብ በሙሉ በፊታችን አስገባች። «የለቅሶ ቡኒ» ነጩ ስክሪን ላይ ብቅ ስትል እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፣ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

ሐጂ ባህረዲን ወንበር አስመጡ። ጀርባቸውን ለማሽኑ፣ ፊታቸውን ለኮሚቴው ሰጥተው ተቀመጡ።

«ሽጪ ሪሃና።»

ሪሃና ኤፍ ሰባትን ነካች። «ጢጥ ጢጥ»።

«አንድ ወጣ» አሉ። ሪሃና እንደገና ነካች፣ ማሽኑ ዝም አለ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼኛው አልተሸጠም። ለምን?»

«ጣቃው አልቋል አባባ፣ አይቀበለኝም አለ።»

ሐጂ ቅድም የከረባቱን ልጅ ድምፅ ወደ ሰሙበት ዞሩ። «ልጄ፣ ያንተው ሲሸጥ ምን ይላል?»

«ስክሪኑ ላይ ይታያል ሐጂ።»

«ለሚያይ» አሉ። ሰው በተሰበሰበበት ስለ ዓይናቸው የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። ኮሚቴውም ብዙ ሳይቆይ የእነ ኢክላስን መረጠ።

የሐጂ ወንበር አሁን አዲሱ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ከሱቃቸው ደጃፍ ነው። ፊታቸው ወደ ደረጃው ነው። የሚወጣ የሚወርድ ሰላም ይላቸዋል። ዓይናቸውን ለሐኪም ለማሳየትም ሪሃና አሳምናቸው ቀጠሮ ይዘዋል።

ኢክላስና ሙናዊር ቢሯቸውን ሲያዛውሩ ኢክላስ አንድ ትእዛዝ ሰጠች። ያ ጥቁር ስክሪን ያለው የመጀመሪያው ማሽን አዲሱ ቢሮ ውስጥ አይገባም። ሙናዊር ዛሬውኑ ምን አለሽ ተራ ወስዶ ይሸጠዋል። ክቡርነታቸው ቃል ገቡ። ማሽኑን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ፣ ከላይ ያን ያጠበውን ኪቦርድ አስሮ ሲወጣ አየሁት። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ እዚያው ፎቅ ላይ ወዳለው አዲሱ ሱቄ መጣ።

«እትዬ፣ ለጊዜው እዚህ ላስቀምጠው። ጉዳይ ጨርሼ ስመለስ ወስደዋለሁ።»

«አስቀምጥ ልጄ» አልኩት።

ከባንኮዬ ሥር ነው። ከአቧራ ብዬ የጨርቅ ሽፋን ሰፋሁለት፣ በ«ሙሽራ ክሬም» ክር። አንዳንዴ ገበያ ሲቀዘቅዝ እሰካዋለሁ። ያስባል፣ ያስባል፣ ይከፈታል። ጽሑፉ የጠፋውን ቁልፍ እነካለሁ፣ ይሠራል።

ኢክላስ ባለፈው «እትዬ፣ ሙናዊር ያንን ማሽን ሸጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከእናንተ ቢሮማ ወጥቷል ልጄ» አልኳት፣ ደግሞም ወጥቷል። እሷም ወደ ባንኮው ሥር አየች፣ ወደ ክሬም ሽፋኑ፣ ከዚያ ዚፕ ገዝታ ሄደች። ዚፕ የምትፈልግ አልመሰለኝም።

ከእኔ ሱቅ ምን አለሽ ተራ ቅርብ ነው። ሙናዊር ግን እስካሁን አልደረሰም።